የዘይና ድምፅ በየባጃጁ

እኔ ሰልማ ነኝ፤ ጆንያ በሚባለው ባንድ ውስጥ ድራም የምመታው። ከሚሴ ላይ ሻሿን ጠምጥማ ድራም የምትመታ ሴት አይታችሁ ከሆነ እኔን ነው ያያችሁት፤ ሌላ የለችም። ቀን ቀን አጎቴ ሱቅ ውስጥ የባጃጅ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ከአስር ሰዓት በኋላ ሱቁን ለአጎቴ ትቼ ወደ አብዱልጀባር አባት የእህል መጋዘን እሄዳለሁ።

ባንዱ ሦስት ሰው ነው። አብዱልጀባር ጊታር ይጫወታል፤ ሥራው በአባቱ አይሱዙ ከጨፋ ሮቢት ማሽላና ጤፍ ማመላለስ ነው። ኢክላስ ቤዝ ጊታር እየተጫወተች ትዘፍናለች፤ እሷ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። እኔና እሷ ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው፤ እናቷን ዘይናን እኔም እማዬ ነው የምላት።

የምንጫወተው ሮክ ነው። ኪቦርድ የለንም። ጊታሩ ይጮኻል፣ እኔ እመታለሁ፣ ካስፈለገ ኢክላስም ትጮኻለች። አንድ ጊዜ ሰርግ ላይ ጠርተውን ሁለተኛውን ዘፈን ሳንጨርስ የሙሽራው አጎት መጥቶ በትህትና «ልጆቼ፣ ደክሟችኋል፤ ቁጭ በሉና ብሉ» አለን። በላን። ከዚያ ወዲህ ሰርግ የጠራን የለም።

ስማችንን ያወጣልን መጋዘኑ ነው። ባዶውን ሲሆን ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ጆሮ ያደነቁራል። አዝመራ ገብቶ እስከ ጣሪያው በማሽላ ጆንያ ሲሞላ ግን ጆንያው ጩኸቱን ይውጠውና የሚቀረው ድምፅ ደረቅና ቅርብ ይሆናል፤ ሰው ጆሮህ ሥር ሆኖ የሚያወራህ ይመስላል። እኛም በጆንያዎቹ መሀል ባለችው ጠባብ ቦታ ተጨናንቀን መጫወት ለመድን።

«ኤሳ ነሽ» የሚለው ዘፈን እንዴት እንደመጣ ለመናገር ወደ ጦርነቱ ዓመት መመለስ ግድ ነው።

ያን ጊዜ ኢክላስ ባቲ ነበረች። የእናቷ እህት ወልዳ ልትጠይቅ ሄዳ እዚያው እያለች መንገዱ ተዘጋ፤ ቀጥሎ ስልኩ ጠፋ። እዚህም እዚያም ተኩስ ነበር። ዘይና ባሏ ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ያለቻት አንድ ልጅ ኢክላስ ናት። በየማለዳው ነጠላዋን አጣፍታ ወደ አስፋልቱ ትወጣለች። መኪና ሲመጣ መሀል መንገድ ገብታ ታስቆማለች። «ከባቲ ነው የመጣችሁት? እንዲህ ያለች ልጅ አላያችሁም?» መኪና ሲጠፋ ደግሞ ስልኳን አውጥታ፣ ኔትወርክ እንደሌለ እያወቀች፣ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ትጮኻለች። «ኤሳ ነሽ? ኢክላስ፣ ኤሳ ነሽ?»

ኤሳ ኦሮምኛ ነው፣ «የት» ማለት ነው። ነሽ አማርኛ ነው። ዘይና ልጇን ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደዚያ ነው የምትጠራት። ግማሹ የከሚሴ ሰው እንደዚያ ነው የሚጣራው፤ ቃሉ ሁለት መሆኑንም ልብ የሚል የለም።

መንገዱ ሲከፈት ኢክላስ የጨው ጆንያ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍራ መጣች። ከመኪናው ስትወርድ እኔም አስፋልቱ ላይ ነበርኩ። ከስታለች፣ ጫማዋ አንዱ ብቻ ነው ከእግሯ ያለው። እናቷ ፊት ሄዳ ቆመች። ዘይና አላቀፈቻትም። ስልኩን ከጆሮዋ ሳታወርድ፣ ልጇን አፍጥጣ እያየች፣ «ኤሳ ነሽ?» አለቻት።

«አሱማ ጂራ፣ እማ» አለች ኢክላስ። «እዚሁ ነኝ። ይኸው።»

ስልኩን ከእጇ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ከዚያ በኋላ ነው ያለቀሱት።

ኢክላስ ስለዚያ ቀን ለመጻፍ ከዓመት በላይ ወሰደባት። አንድ ቀን መጋዘን መጥታ ቤዙን ሳታነሳ፣ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ግጥሙን በቃሏ አለችልን፦

ስልኬ ሞቷል እንጂ እኔ መቼ ሞትኩኝ፣
መንገድ ተዘጋ እንጂ እኔ መቼ ጠፋሁኝ፣
ኤሳ ነሽ ላለችኝ፣ የት ነሽ ላላችሁኝ፣
አሱማ ጂራ፣ እዚሁ ነው ያለሁኝ።

አብዱልጀባር ጊታሩን አንስቶ ድምፁን የሚያሻክረውን ፔዳል ረገጠ። እኔን ኢክላስ «እግር ስጪኝ» አለችኝ። «የምን እግር?» አልኳት። «እየቸኮለች የምትሄድ ሴት እግር። ስሊፐር ያደረገች።» ብዙ ሞከርኩ። ናሱን፣ ሲምባሉን ተውኩት፤ በትልቋ ከበሮና ቶም በምንላት፣ ጎኗ በተሰነጠቀችው ትንሿ ከበሮ ብቻ መታሁ። ስንጥቋ ጠፍ ጠፍ የሚል ድምፅ አወጣች። ኢክላስ ዓይኗን ጨፍና ሰማችና «እሱ ነው፣ አትለውጪው» አለች።

ከዚያ ስንለማመድ በስልክ የቀረጽነውን አንዱ አይቶት ኖሮ ከአዲስ አበባ ደወለልን። ኢዮስያስ ይባላል፤ ሙዚቃ ያቀናብራል፣ የራሱ ስቱዲዮ አለው። ኑ አለን፣ ሄድን። ቦታው ከአንድ ሕንፃ ሥር፣ ምንጣፍ የተነጠፈበት፣ ቀዝቃዛ ክፍል ነው። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ውሃ አቀረበልን፤ ዘፈኑን ሁለት ጊዜ አሰምተነው ሁለቱንም ጊዜ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ።

«ድምፅሽ ወርቅ ነው» አላት ለኢክላስ። «ዜማውም ሕዝብ ውስጥ ይገባል። ጊታሩን ትንሽ እናለዝበዋለን፣ ኪቦርድ እናስገባለን። አንድ ነገር ብቻ አለ። ቋንቋው ይለይ።»

«እንዴት ይለይ?» አለች።

«ኤሳ ነሽ የሚባል ነገር በየትኛውም ቋንቋ የለም። ወይ የት ነሽ በይ፣ ወይ ኤሳ ጂርታ በይ። እንዲያውም ሁለት አድርገን እንሥራው፤ አንዱ አማርኛ፣ አንዱ ኦሮምኛ። ሁለት ገበያ ነው። እንደዚህ ከሆነ ግን የአማርኛው አድማጭ የእነሱ ነው ይላል፣ የኦሮምኛውም የእነሱ ነው ይላል። ሜዳ ላይ ትቀሪያለሽ።»

«እናቴ እንዲህ ነው የምትናገረው።»

«እናትሽን አከብራለሁ» አለ ኢዮስያስ ፈገግ ብሎ። «እናትሽ ግን ሙዚቃ አትገዛም።»

ኢክላስ የቤዙን ገመድ ነቅላ መጠቅለል ጀመረች። አልተቆጣችም፤ ቀስ ብላ ነው የጠቀለለችው። አብዱልጀባር ቆሞ ቀረ። እውነቱን ለመናገር እሱ መቅረጽ ፈልጎ ነበር፤ እኔም ከእግሬ ሥር ያለውን ምንጣፍ እያየሁ ፈልጌ ነበር። እንደዚያ ያለ ድራም ነክቼ አላውቅም። ግን ኢክላስ ወደኛ ዞራ አልለመነችንም፣ ኑ እንኳ አላለችንም። ቤዟን አንግታ ወጣች። እኛም ኢዮስያስን አመስግነን ተከተልናት።

አውቶቡስ ላይ አብዱልጀባር ለብቻው ተቀመጠ። ጣርማ በር እስክናልፍ ከማንም ጋር አልተነጋገረም። ቆላው ውስጥ ገብተን ሙቀቱ በመስኮት ሲገባ ከኋላ ወንበር አንገቱን አስግጎ «አባቴ ትናንት ማሽላውን አስገብቷል። መጋዘኑ ጢም ብሏል» አለን። ዕርቅ መሆኑ ገባኝ።

ሁለት ማይክ ከአንድ የፎቶ ቤት ልጅ ተዋስን። ላፕቶፑ የአብዱልጀባር ነው። ጆንያዎቹን እየገፋን ለኢክላስ ትንሽ ዋሻ ሠራንላት። ገበያ በሌለበት ቀን፣ መኪና በማይበዛበት ሰዓት ቀረጽን። አንድ ጊዜ ፍየል በር ላይ ጮኸች፤ እንደገና ጀመርን። አንድ ጊዜ መብራት ሄደ፤ ጠበቅን። ጊታሩ በጆንያው መሀል ሲወጣ የሚፈጭ ድንጋይ ይመስል ነበር። ምንጣፉን ረሳሁት።

መጀመሪያው ላይ ግን የእናቷ ድምፅ እንዲገባ ኢክላስ ፈለገች። ዘይናን ለመነቻት። ዘይና ሳቀች፣ እምቢ አለች፣ በመጨረሻ እሺ ብላ መጣች። ማይኩ ፊት ስትቆም ግን የሬዲዮ ዜና አንባቢ ሆነች። «ኤሳ ነሽ፣ ልጄ፣ ኢክላስ» ትላለች ቃል በቃል እየረገጠች። አስደገምናት፤ ባሰባት።

«አልችልም» አለች። «ፊቴ ቆማ ኤሳ ነሽ ስላት ውሸት ነው የሚሆንብኝ።»

ኢክላስ «ተይው እማ፣ ለስላሳ ልግዛልሽ» ብላ ወጣች። ቆየች። ከሱቁ በር ላይ የፋርማሲ ደንበኛ አግኝታ ወሬ ይዛ ነው። ዘይና ጆንያ ላይ ተቀምጣ ትንሽ ጠበቀች፣ በሩን አየች፣ ከዚያ ስልኳን አውጥታ ደወለች። የኢክላስ ስልክ ባትሪው አልቆ ኖሮ የምትመልሰው ያቺ የኔትወርኳ ሴት ናት፤ የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም የምትለው። ዘይና ስልኩን ከጆሮዋ አላወረደችም።

«ኤሳ ነሽ አንቺ ልጅ?» አለች መጀመሪያ፣ በንዴት። «ኮቱ በቃ፣ ለስላሳውም ይቅር።» ኮቱ ነይ ማለት ነው። ሴትየዋ ያንኑ ደገመች። የዘይና ፊት ተለወጠ። «ኢክላስ? ኤሳ ነሽ?» አለች፤ ድምፁ አስፋልቱ ላይ የሰማሁት ነው። ብድግ ብላ ወደ በሩ ሄደች። «ኤሳ ነሽ?»

ኢክላስ በዚያው ቅጽበት ሦስት ጠርሙስ ታቅፋ ገባች። ዘይና ትከሻዋን በጥፊ አለቻት።

አብዱልጀባር ማይኩን ሳያጠፋው ቀርቶ ነበር። ሸሽጎ አልተወውም፤ «እማ ዘይና፣ ገብቷል፤ ካልፈለግሽ አሁኑኑ አጠፋዋለሁ» አላት። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረግንላት።

«ይኼ እኔ ነኝ?» አለች።

«አንቺ ነሽ።»

«ተዉት። እውነተኛው እሱ ነው።» ማዳመጫውን አውልቃ ለልጇ ሰጠቻትና «አንቺ ደግሞ ስልክሽን ቻርጅ አድርጊ» አለቻት።

ዘፈኑን ኢንተርኔት ላይ የለቀቅነው እኛው ነን። የመጀመሪያው ሳምንት ያየው ዘመድና የጨፋ ሮቢት እህል ነጋዴ ብቻ ነው። ከጻፉልን አስተያየት አንዷን አስታውሳለሁ፦ «ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?»

ከዚያ አንድ የባቲ መንገድ ሾፌር ገበያው መሀል መኪናውን አቁሞ በድምፅ ማጉያ ከፈተው። ሰኞ ነው፤ ባቲ ሰኞ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ያውቃል። ግመል የሚጎትተው አፋሩ፣ ማር የሚሸጠው ደገኛው፣ ጨርቅ የያዘው ነጋዴ፣ ሁሉም አለ። የዘይና ድምፅ ሲወጣ ከልብስ ሻጮቹ አንዷ ሴት ዞር አለችና ማን እንደጠራት ፈለገች። ሾፌሩ ይህን ቀርጾ ለቀቀው። ከዚያ ወዲያ ነገሩ ከእጃችን ወጣ። ሰዎች የኛን ዘፈን ከሥር አድርገው የጠፋባቸውን ሰው ስም እየጠሩ ይለቁ ጀመር። አንዱ ዐረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ የጠፋ እህቱን ጠራ። አንዲት እናት ወታደር ልጇን። አንድ ሽማግሌ የሞተችውን ሚስቱን። «ኤሳ ነሽ?» ኦሮምኛ የማይሰማውም ይለዋል፣ አማርኛ የማይሰማውም ይለዋል።

ከሚሴ ላይ ደግሞ ባጃጆቹ ያዙት። ሱቃችን በር ላይ ሁለት ባጃጅ ሲቆም ሁለቱም ያንኑ ይዘዋል፤ አንዱ ከአንዱ ወደኋላ ቀርቶ። ካንዴላ ሊገዛ የመጣ ልጅ የእኔን ድራም በጣቱ መስተዋቱ ላይ እየመታ ቆሞ፣ የምትሸጥለት ማን እንደሆነች አያውቅም። አልነገርኩትም።

ሬዲዮ ግን ሌላ ነው። ኢክላስ ዘፈኑን ለአንድ ጣቢያ ይዛ ሄደች። የአማርኛው ሙዚቃ አዘጋጅ ሰማና «ጥሩ ነው፤ ግን ይኼ የኦሮምኛው ክፍለ ጊዜ ነው» ብሎ ወደሚቀጥለው በር መራት። የኦሮምኛው አዘጋጅም ሰማ። «ጥሩ ነው፤ ግን አብዛኛው አማርኛ ነው» አላት። ኢክላስ በሁለቱ በሮች መሀል ኮሪደሩ ላይ ቆመች። «ታዲያ እናንተ ሁለታችሁ ሻይ ስትጠጡ በምን ቋንቋ ነው የምታወሩት?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሁለቱም ሳቁ። ዘፈኑ አልተላለፈም።

ወር ሳይሞላ ሌሎች ሰዎች እየለዩ ዘፈኑት። «የት ነሽ» የሚል አማርኛ ብቻ የሆነ ወጣ፣ ከኪቦርድ ጋር፤ ያቀናበረው ኢዮስያስ ነው። ከሌላ ቦታ ደግሞ ኦሮምኛ ብቻ የሆነ ወጣ። አብዱልጀባር አረፋ ደፈቀ፣ ሄጄ እከሳለሁ አለ። ኢክላስ ሁለቱንም ከዳር እስከ ዳር ሰማቻቸው።

«የአማርኛዋ ቆንጆ ድምፅ አላት» አለች። ቆይታ ደግሞ «ማን እንደጠፋባት ግን አታውቅም» አለች።

ኢዮስያስም አላፈረም፣ ደወለ። የኛውን እንደገና እንቅረጸው፣ የእናቲቱን ድምፅ በተዋናይት እንተካው፣ አነጋገሯ ለብዙ ሰው አይገባም አለ። ኢክላስ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጋ ለዘይና አሰማቻት። ዘይና ወደ ስልኩ ጎንበስ ብላ «አንተ ልጅ፣ እናት አለችህ?» አለችው።

«አለች» አለ።

«እሷን ደውልላት» ብላ ራሷ ዘጋችው።

ይህን ሁሉ እየሳቅን ነው ያሳለፍነው። ያላሳቀን ሐጂ ኑርሁሴን የመጡበት ቀን ነው። ሐጂ የኢክላስ አባት ታላቅ ወንድም ናቸው። ከተማው ያከብራቸዋል፤ ዘይና ባሏ ሲሞት ቤቷ እንዳይፈርስ የያዙላት እሳቸው ናቸው። ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ከሰዓት በኋላ መጡ። እኔና ኢክላስ ቤት ነበርን፤ እንውጣ ስንል ዘይና «ተቀመጡ» አለችን።

ሰላምታው ረዘም አለ። ከዚያ ሐጂ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተቱ።

«ዘይና፣ እኔ ላስቀይምሽ አልመጣሁም። ልጅቱ ወጣት ናት፣ ትተወዋለች ኢንሻአላህ። ያንቺ ግን ከበደኝ። ከመስጊድ ስወጣ ድምፅሽን በባጃጅ ውስጥ ሰማሁት። ገበያ ስሄድ ሰማሁት። ባል የሌላት፣ የተከበረች ሴት ድምፅ ለዘፈን አይሆንም። ካንቺ የምንፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ልጆቹ ድምፅሽን ያውጡት። ሌላውን የራሳቸው ጉዳይ ይሁን።»

ዘይና ነጠላዋን አስተካከለች።

«ሐጂ፣ ያኔ መንገዱ የተዘጋ ጊዜ እኔ የት ነበርኩ?»

«አስፋልት ላይ ነበርሽ። አውቃለሁ።»

«ምን አደርግ ነበር?»

ሐጂ እጃቸውን መልሰው መቁጠሪያው ያለበት ኪስ ከተቱ።

«እጮኽ ነበር። ለሾፌሩም፣ ለረዳቱም፣ ለወታደሩም። የከሚሴ ወንድ በሙሉ ሰምቶኛል። አንቱም በዚያ ሲያልፉ ሰምተውኛል፤ አብሽሪ፣ አይዞሽ ብለውኝ አለፉ። አላህ ይስጥልኝ። ያኔ ግን ድምፅሽን ዝቅ አድርጊ ያለኝ አንድ ሰው የለም። ልጄ ስትጠፋ ያላሳፈረ ድምፅ ልጄ ስትገኝ ነው የሚያሳፍረው?»

አንዱ ሽማግሌ «ያኔ ጭንቅ ነው፣ ዘይና፤ ጭንቅ ሌላ ነው። አሁን ከሙዚቃው ጋር መሆኑ ነው» አሉ።

«ሙዚቃውንስ እኔም አልወደውም» አለች። «ራሴን ያመኛል። ድምፄን ግን አላስወጣም።»

ሐጂ ወለሉን እያዩ «ወንድሜ ቢኖር ኖሮ...» ብለው ጀመሩ።

«ወንድምዎ ቢኖር ከእኔ በላይ ይጮኽ ነበር» አለች ዘይና።

ሐጂ ኑርሁሴን ተነሡ። አልተራገሙም፣ ፊታቸውንም አላጠቆሩም። በር ላይ ሲደርሱ ግን «እኔ አልተስማማሁም፣ ይህን እወቂ» አሏት። «አውቃለሁ፣ ሐጂ። እኔም አልተስማማሁም» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ ለዒድ ሥጋ ይልካሉ፣ ራሳቸው ግን ያን ደጅ አልረገጡም። ዘይና ሌሊት ሌሊት በዚህ እንደምታዝን ኢክላስ ነግራኛለች። ቢሆንም ቃሏን አልለወጠችም።

ከዚያ ሙሀመድአሚን መጣ። ሙሀመድአሚን በከተማው አዳራሽ እየተከራየ የበዓል ዝግጅት የሚያዘጋጅ ልጅ ነው። ጆንያ ዋናው ባንድ ሆኖ እንዲጫወት ፈለገ። ማስታወቂያው ተለጠፈ፣ ፎቷችን ግንብ ላይ ወጣ። አራት ቀን ሲቀረው ላብ በላብ ሆኖ መጋዘን መጣ።

«ሰው አስፈራርቶኛል» አለ። «ከዚህም ከዚያም። አንዱ ኦሮምኛው ይውጣ ይላል፣ አንዱ አማርኛው ይውጣ ይላል። ደግሞ የእናትየዋ ድምፅ እንዳይከፈት የሚሉ አሉ። ለአንድ ቀን፣ በአንዱ ብቻ ዘፍኑት። በፈለጋችሁት። እኔ ለሁሉም አስረዳለሁ።»

አብዱልጀባር ጊታሩን አስቀመጠ። ሁላችንም የምናስበው ኢዮስያስን ይመስለኛል። በዚህ ጊዜ ግን ቀድሞ የተናገረው እሱ ነው።

«የትኛዋን እማ ዘይና ይዘን እንሂድና የትኛዋን እንተዋት?» አለ። «ሙሀመድ፣ አንተን አልቀየምኩህም። እኛን ሰርዘን።»

ሰረዘን። ግንቡ ላይ ያለው ፎቷችን ላይ ወረቀት ተለጠፈበት።

ዝግጅቱ ሊካሄድ በነበረበት ቀንና ሰዓት በመጋዘኑ ግቢ ለመጫወት የወሰንነው ወዲያው ነው። ትኬት የለም፣ ማስታወቂያ የለም። ለባጃጅ ሾፌሮቹ ሱቄ በር ላይ ነገርኳቸው፤ ከዚያ በላይ ማስታወቂያ ከሚሴ ላይ አይገኝም። አብዱልጀባር ጧት አይሱዙውን ይዞ ጨፋ ሮቢት ሄደና በጤፍ ፋንታ ሰው ጭኖ ተመለሰ። ጄኔሬተር ተዋስን። ዘይና መጣች፤ ኢክላስ ከፋርማሲ ባመጣችው ጥጥ ጆሮዋን ደፍና ፊት ለፊት ተቀመጠች።

ሰው ግቢውን ሞላው። የመጡት ሁሉ ወዳጆች አልነበሩም። እጃቸውን አጣምረው የቆሙ፣ ልንጮኽ ስንል ሊጮኹብን የተዘጋጁ ነበሩ። ከበሩ በኩል አንዱ «በሰው ቋንቋ ዝፈኑ» ብሎ ጮኸ። ኢክላስ ወደዚያ ዞራ «በየትኛው ሰው?» አለችው፣ በማይኩ። ሳቅ ሆነ። ጀመርን። ሌሎቹን ዘፈኖች አስቀደምን፤ «ኤሳ ነሽ» ላይ ስንደርስ የዘይናን ድምፅ አብዱልጀባር ከላፕቶፑ ከፈተው፤ እኔ የእግሩን ምት ያዝኩ፤ ኢክላስ የመጀመሪያውን ስንኝ ጨርሳ ሁለተኛው ላይ ስትገባ የአስር አዛን ተሰማ።

ኢክላስ እጇን አነሣች። አቆምን። ጄኔሬተሩንም አጠፋነው። ወንዶቹ ወደ መስጊድ ወጡ፣ አብዱልጀባርም ሄደ። እኛ ሴቶቹ መጋዘኑ ውስጥ በጆንያዎቹ መሀል ምንጣፍ አንጥፈን ሰገድን። ስንወጣ ግቢው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። የቀሩት ዘይናና ጥቂት የጨፋ ሮቢት ሴቶች ናቸው።

መጀመሪያ የተመለሰው አብዱልጀባር ነው። ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ሐጂ የመስጊዱ በር ላይ ቆመው፣ ወደየቤታችሁ ግቡ፣ ይህ ለከተማችን አይሆንም አሉ» አለን። «ሰዉ ዝም ብሎ ሰማቸው።»

ድራሜ ጀርባ ተቀመጥኩ። ኢክላስ ቤዟን አንግታ በሩን እያየች ቆመች። እናቷ «ተቀመጪ፣ ትደክሚያለሽ» አለቻት፤ አልተቀመጠችም። አንድ ባጃጅ መጣና አለፈ። ሌላ አለፈ። አብዱልጀባር ገመድ መጠቅለል ጀመረ፤ ኢክላስ ሳትዞር «አትጠቅልል» አለችው።

ከዚያ ሁለት ልጆች ገቡ። ቀጥሎ እጃቸውን አጣምረው የነበሩት። ቀጥሎ ከመስጊድ የሚወጣው መንገድ በሰው ተሞላ፤ ኮፍያቸውን እንዳደረጉ፣ ጫማቸውን እየሳቡ፣ በዝግታ። ቅድም ያልነበሩ አዛውንቶች ሳይቀር መጥተው በአጥሩ ጥግ ቆሙ። በመጨረሻ ሐጂ ኑርሁሴን ራሳቸው በበሩ ፊት አለፉ። ወደ ውስጥ አላዩም። ግን አላስቆሙንም፤ ማንንም መልሰው አልወሰዱም። ዘይና ተነሥታ እስኪያልፉ በአክብሮት ቆመች፣ ከዚያ ተቀመጠችና ጥጡን ወደ ጆሮዋ መለሰችው።

ጄኔሬተሩ ተነሣ። ዱላዎቼን ይዤ ኢክላስን አየኋት።

«ካቆምንበት ነው?» አልኳት።

«አይደለም» አለችኝ። «ከመጀመሪያው።»